አርባ ደህና ልጆች

መተማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድሜ አስማረ፣

ይህን ፖስታ የያዘው ስንሻው ነው፣ የጎንደር አውቶቡስ ሾፌሩ። የሚሞሪ ካርዷ ጥፍር የምታህል ስለሆነች ወረቀቱ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ፤ ስትቀድ ተጠንቀቅ። ዳታ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅ በስልክ መላክ የማይታሰብ ነው። ለመደወል እንኳ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት አለብን። ደብዳቤ መጻፍ ከተማሪነቴ ወዲህ ትቼው ነበር፣ አንተ አስጀመርከኝ።

ለምን የታመሙትን ብቻ ትልኪያለሽ ብለህ ተቆጥተሃል። ልክ ነህ። ለሁለተኛ ዲግሪህ የምትሠራው ማሽን የልጅ ሳል ሰምቶ የሳንባ ምች ነው አይደለም ብሎ እንዲለይ የታመመውንም የደህናውንም መስማት አለበት፤ ይህ ገብቶኛል። ችግሩ ያለው እናቶቹ ጋ ነው። የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ስልኩን አፉ ላይ ብደግንበት ቅር አይላትም፣ ብቻ ይዳንልኝ ነው የምትለው። ደህና ልጇን ግን አትነካም። እንዴት ነው ልጁ ብትላት እንኳ ደህና ነው ብላ አትመልስልህም፤ ይኸው፣ አለ ትልሃለች። ዓይን ይገባዋላ።

ትናንት ዋሲላን ለመንኳት፣ ከሱዳኑ ጋላባት ቶብ የሚባለውን የሴት ልብስ እያመጣች የምትሸጠዋን ጎረቤታችንን። አንዴ ብቻ ያስልልኝ አልኳት። ልጁን በልብሷ ሸፈነችና፣ «ሲስተር፣ የታመመ ድምፁን ብትወስጅው ሕመሙን ይዞት ይሄዳል። የደህናውን ከወሰድሽው ምን ይቀርለታል?» አለችኝ። ምን ትመልሳለህ? ነርስነት ስማር የዚህን መልስ ያስተማረኝ የለም።

አርባ ደህና ልጅ ካልተገኘ ወረቀትህ እንደማያልፍ ጽፈሃል። አይጨነቁ ጌታው። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ይዤህ የመጣሁት ደህና ልጅ ጠፍቶ እንድትወድቅብኝ አይደለም። እፈልግልሃለሁ።

ልጄ አይናለም ሦስት ዓመት ሞልቷታል። አጎቴ የሚኖረው ስልክ ውስጥ ነው ትላለች። አባቷ፣ ባሌ አገኘሁ፣ ትራክተሩን ለክረምቱ እያስጠገነ ነው፣ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ሰርኬ

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም ሰርኬ፣

አርባ! ካርዱን ከፍቼ ስቆጥር አላመንኩም፣ ደግሜ ቆጠርኩ። እግዜር ይስጥሽ። ከደስታዬ የተነሣ የቤት አከራዬን አቅፌ ሳምኳቸው፤ ልጁ ምን ሆነ ብለው ደንግጠዋል።

ማሽኑ እንዴት አድርጎ ነው የሚማረው ላልሽው፣ እኔ ምንም አልነግረውም። ይኼ የታመመ ነው፣ ይኼ ደህና ነው እያልኩ ማሰማት ብቻ ነው፣ ልዩነቱን ራሱ ያገኘዋል። ምኑን ይዞ እንደሚለይ እኔም አላውቅ። እናታችን ነፍሷን ይማረውና በአረማመድ ብቻ ማን እንደመጣ ታውቅ አልነበር? በምን አወቅሽ ስንላት ዝም ብዬ ነው የማውቀው ትለን ነበር። እንደዚያ ነው።

የደህናዎቹ ድምፅ ከጠበቅሁት በላይ ጥርት ያለ ነው፤ አማካሪዬም ገርሞታል። እናቶቹን እንዴት አድርጋ አሳመነቻቸው ብሎ ጠይቆኛል፤ ለሌሎች ትምህርት ስለሚሆን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ። የስምምነት ወረቀቶቹም ከነአሻራቸው ደርሰውኛል።

አይናለምን ሳሚልኝ። ከስልኩ ወጥቼ እመጣለሁ በያት።

ወንድምሽ አስማረ

&nbsp;

መተማ፣ ሰኔ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

የዘገየሁት በሥራ ነው። ዝናቡ ጀምሯል፣ ከጎጃምና ከወሎ የቀን ሠራተኛው በጭነት መኪና እየወረደ ነው፣ ከነወባው ከነተቅማጡ። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ሲስተር የት ናት ይላሉ።

እናቶቹን እንዴት አሳመንሽ ያልከው አንድ ገጽ የሚሞላ ነገር የለውም። ሰው እንደ ሰው ነው፣ ይለመናል። ለአማካሪህ በትዕግሥት ነው በለው።

እኔ ወደ እርሻ ካምፖቹ ስወርድ አይናለም ማን ጋ ትውላለች ብለህ ጠይቀሃል። አየሁሽ ጋ ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አንድ ግቢ ነን። ከእኔ ይልቅ እሷን ትሰማለች። አሁን ደግሞ አዲስ ሙያ አምጥታለች፤ የጥበቃችንን የጋሼ ገብረማርያምን ሳል እያስመሰለች ሰፈሩን ታስቃለች። ደረቁን ሳይ ሲሏት ደረቁን፣ እርጥቡን ሲሏት እርጥቡን። ከረሜላ ካየች ቀኑን ሙሉ ትስልልሃለች። ጋሼ ገብረማርያም ራሳቸው፣ «ይቺ ልጅ እኔን ቀብራ ሳሌን ልትወርስ ነው» ይላሉ።

ፈተናህ አልፎ ስንገናኝ የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ አትጨነቅ።

ሰርኬ

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

እታለም፣

አለፍኩ። የወረቀቱ መግቢያ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ስምሽ አለ። ከአሥር ሳል ዘጠኙን በትክክል ለይቷል፤ ፈታኞቹ ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ያው ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመጣው ስልክ የእናንተ ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ልጁ ሦስት ጊዜ ይስልበታል፣ አረንጓዴ ካበራ ምች የለበትም፣ ቀይ ካበራ አለበት። አንድ የእርዳታ ድርጅት ወዶታል። እናንተ ጋ ጥቂት ወር ከተሞከረ በኋላ ስድሳ ስልክ ለቆላው ጤና ኬላዎች ሊያድል ነው። አስቢው፣ ሐኪም በማይደርስበት ሁሉ።

ምችን ለመለየት የልጁን ትንፋሽ በደቂቃ መቁጠር ይቅር ወይ ብለሻል። አይቅር እንጂ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁጥሩና ስልኩ ከተለያዩ እኔ ስልኩን ነው የማምነው። ሕፃን ሲያለቅስም፣ ሲሮጥም፣ ሲያተኩሰውም ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሳል ግን አይዋሽም። አንቺም ቢሆን በዓይንሽ ከምትፈርጂው ይሻላል፣ አትቀየሚኝ።

ልትነግሪኝ ያሰብሽው ነገር ምንድን ነው? ጻፊልኝ።

አስማረ

&nbsp;

መተማ፣ ኅዳር 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ወንድሜ አስማረ፣

ከነሐሴ ወዲህ የጻፍካቸው ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ስላልመለስኩ ይቅር በለኝ። ሰሊጥ ሲደርስ እዚህ ያለውን ግርግር ታውቀዋለህ። እንዳለን አለን።

ስልኩ እንዴት ሆነ ላልከው፣ አሁን አንሠራበትም። ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አልተበላሸም።

አየሁሽ ከሥራ ታገደች ብሎ የነገረህ ስንሻው ይሆናል፣ እሱ አፉ አያርፍም። እውነት ነው። ምክንያቱ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ደህና አድርገህ አስበህ መልስልኝ። ማሽኑ ሰው ያውቃል? አንድን ልጅ ደጋግሞ ቢሰማ፣ ያንኑ ልጅ ሌላ ቀን ሲያገኘው ማን እንደሆነ ይለየዋል? ደግሞ ስድሳው ስልክ የሚታደልበትን ቀን ጻፍልኝ፣ ቁርጡን።

ሰርኬ

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ አጠረብኝ። ተቀይመሽኛል? በዓይንሽ ከምትፈርጂው ይሻላል ያልኩሽ ከሆነ፣ አፌ ነው፣ ማሪኝ።

ጥያቄሽ ግን የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ ከፈታኞቼ አንዱም አላነሣውም። አዎ፣ ሊያውቅ ይችላል። አንድ ልጅ ደጋግሞ ከአንደኛው ወገን ብቻ ከተሰማ ማሽኑ በሽታውን ትቶ ልጁን ይማራል፣ ያ ቀላሉ ነዋ። ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም ቢሆን የለመደውን መልስ ነው የሚሰጠው። የእኛ ላይ ግን ይህ አይደርስም፤ አርባዎቹ አርባ የተለያዩ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው ድካምሽን እንደ ወርቅ የማየው።

ስልኮቹ ከጥምቀት በኋላ ጥር 14 ይታደላሉ። ቀኑ ተቆርጧል።

ለአይናለም የገና ጫማ ልኬያለሁ። የእግሯን ቁጥር ስለማላውቅ ከፍ አድርጌ ገዛሁ፣ ታድግበታለች። ለምንድን ነው በሁለቱ ደብዳቤዬ ሳሚልኝ ስልሽ አንዴም መሳምሽን ያልነገርሽኝ?

አስማረ

&nbsp;

መተማ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2010 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

ይህን ቆመህ ከሆነ የምታነበው ተቀመጥ።

መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ሰውን ደግፎ ይዞ ነው። አንተን እዚያ የሚያረዳህ ዘመድ የለህም፣ የጥር 14 ቀኑም አልጠበቀኝም። አይናለም ሞታብናለች። ጥቅምት 21 ቀን። የቤቱንም የሰፈሩንም ሰው አፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አባቷ ይነገረው ሲል፣ ሥራውን ይጨርስ አልኩ። የፈራሁት ግን ለሥራህ አልነበረም። በምን ሞተች ብለህ እንዳትጠይቀኝ ነው።

አስማረ፣ አርባ ደህና ልጆች የሉም። አንዲት ናት።

ዋሲላ እምቢ ካለችኝ በኋላ ስምንት ቤት ዞርኩ። ስምንቱም በራቸውን ዘጉብኝ። ቤቴ ገብቼ አይናለምን እስኪ ሳይልኝ አልኳት፣ ሳለችልኝ። አንዱን በራሷ ስም ልመዘግበው ነበር። ከዚያ ሁለተኛ አስቀዳኋት፣ ሦስተኛ። አንዱን ቤት ውስጥ፣ አንዱን ኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንዱን ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ። የጋሼ ገብረማርያምን ሳል ያለማመድኳት እኔ ነኝ፣ ድምፁ እንዲለያይ ብዬ። አርባ ስም አወጣሁ፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት እያልኩ ጻፍኩ። ለእናቶቹ አሻራ አሥሩንም ጣቴን አዳርሻለሁ። ማንን ጎዳሁ አልኩ፤ ደህና ደህና ነው፣ የማንም ልጅ ይሁን።

ጥቅምት 15 ካምፖቹ ላይ ወባ በዛ ተብሎ ለስድስት ቀን ወረድኩ። አባቷም እርሻ ስለነበር እንደተለመደው ለአየሁሽ ተውኳት። በሁለተኛው ቀን ትኩሳትና ሳል ጀመራት። አየሁሽ ትንፋሿን ቆጠረች፣ በደቂቃ ሃምሳ ሁለት። ለእሷ ዕድሜ አርባ ካለፈ ምች ነው፣ ይህን ሕፃን ተማሪ ያውቀዋል። ስልኩ ላይ አስሳለቻት፣ አረንጓዴ። ግራ ገባት። ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለችልኝና ወደ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ይዣት ልሂድ ወይ አለችኝ።

«ስልኩን ድገሚው» አልኳት።

ደገመችው። አረንጓዴ። እንግዲያው ትንፋሿን ያፈጠነው ትኩሳቱ ነው፣ ሽሮፑን ስጫት፣ እኔ ስጨርስ እመጣለሁ አልኳት። አንተ የጻፍክልኝን ቃል በቃል ነበር የነገርኳት። በማግስቱ ሦስተኛ አስሳለቻት፣ አረንጓዴ። ከዚያ በነጋታው ማታ ሳትነግረኝ መድኃኒት ጀመረችላት፣ ዘግይቶ ነበር። እኔ ስደርስ ደረቷ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር። ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ስልክም ቁጥርም አላስፈለገኝም። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

አፈር ከገባች በኋላ እንቅልፍ አጥቼ ሳስብ ነው አርባው ትዝ ያለኝ። ለዚህ ነበር ሰው ያውቃል ወይ ያልኩህ። የለም እንድትለኝ ነበር የጠበቅሁት። አርባ ጊዜ ይቺ ደህና ናት ያልኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ አመነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ይኼ ማሽን ከሁለቱም ባሰ።

አየሁሽን፣ በስልክ ስትጫወት ልጅ አስገደለች ብለው አገዷት። ቆጥራ የነገረችኝ እሷ መሆኗን፣ ተይ ያልኳት እኔ መሆኔን የምናውቀው ሁለታችን ነን። እሷ ለልቅሶዬ ክብር ብላ ዝም አለች። እኔ ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቀዋለህ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የኔ እያደር ከበደ።

ስድሳውን ስልክ አስቁም። ዲግሪህን ቢቀሙህም አስቁም። ድምፁ የእሷን የሚመስል ልጅ በየቀበሌው ሞልቷል። እናቱ አረንጓዴ አይታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ጫማውን አባቷ ሳያየው ደብቄዋለሁ።

እህትህ

&nbsp;

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

እታለም፣

በጥር መጀመሪያ በደህና ገባሁ፤ ለመጻፍ ግን ዘገየሁ። እናንተ ጋ ለልቅሶ በቆየሁባቸው ዘጠኝ ቀናት ስንላቀስ ቆይተን ዋናውን ሳንነጋገር ተለያየን። ፊት ለፊት የማልችለውን በወረቀት ልሞክር።

ስልኮቹ አልታደሉም። ከመንገድ እንደገባሁ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ራሱ ስልክ አንሥቶ እደላው እንዲቆም ለእርዳታ ድርጅቱ ነገረ። ስለ ዲግሪዬ ይሰበሰባሉ፤ የሚሉትን እቀበላለሁ፣ አንቺ በዚህ አትጨነቂ።

አንቺ ብቻ ጥፋተኛ ሆነሽ እንድትቀሪ ግን አልፈቅድም። አርባው ድምፅ መመሳሰሉን አይቼ ነበር። የድምፆቹን ሥዕል ኮምፒውተሩ ላይ ሳወጣው ሁሉም አንድ ቦታ ተኮልኩለዋል። መጠርጠር ሲገባኝ፣ የደህና ሕፃናት ሳል እርስ በርሱ ይመሳሰላል ብዬ ጻፍኩ፤ ፈታኞቼ እንደ ግኝት አጨበጨቡልኝ። የእህቴን ልጅ አርባ ጊዜ ሰምቼ አላወቅኋትም። ማሽኑ ያወቃትን እኔ አጎቷ አላወቅኋትም። ስልኩን እመኚ ብዬ የጻፍኩልሽም እኔ ነኝ።

አርባውን ከማሽኑ አውጥቻለሁ። በዚህ ካርድ ላይ ናቸው፣ የእናንተ ናቸው።

አሁን የምጠይቅሽን ስጠይቅሽ አፍሬ ነው። ሥራው በሌላ ሰው መሪነት ከሥሩ ይጀመራል፣ እኔ ረዳት እሆናለሁ። ከሣጥንሽ ያወጣሁት ስልክ ውስጥ አየሁሽ ከአይናለም የቀዳቻቸው ሦስቱ ሳሎች አሉ። ሰዓታቸው ተመዝግቧል፣ ትንፋሿም ተቆጥሯል። ሌሎቹ የታመሙ ልጆች በሙሉ የመጡት ከባሰባቸው በኋላ ነው። ሕመሙ ገና ሲጀምር፣ ሊድን በሚችልበት ቀን የተቀዳ ድምፅ ከእነዚህ ሦስት በቀር የለንም። ማሽኑ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ያንን ነው።

ያለ ወላጅ ፈቃድ አልነካቸውም። ቅጹን አያይዣለሁ። እምቢ ካልሽ አጠፋቸዋለሁ፣ ሁለተኛ አላነሣብሽም።

አስማረ

&nbsp;

መተማ፣ የካቲት 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

ቅጹን ሁለት ሳምንት አስቀምጬው ነበር። መጀመሪያ ሳየው ተቆጥቼህ ቀድጄ ልጥለው ነበር፣ አልደብቅህም። ሞታም አትተዋትም ወይ አልኩ።

አየሁሽ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ወረዳው ድረስ ሄጄ በጽሑፍ ሰጠሁ፣ ከዚያም እሑድ ዕድርተኛው በተሰበሰበበት ቆሜ ተናገርኩ። አንዳንዱ ሰው አለቀሰ፣ አንዳንዱ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም። የእኔን ጉዳይ እያዩት ነው። አየሁሽ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ትለኛለች፣ ቤቴ ግን ገና አልገባችም። አልፈርድባትም።

ካርዱን አባቷ ወሰደው። ስልኩ ላይ አስገብቶ እርሻ ይዞት ሄደ፤ ትራክተሩን አጥፍቶ ሲያዳምጥ አይተውታል። አልጠየቅሁትም። ትናንት ማታ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ አይቶ አነሣው፣ ቀስ ብሎ አነበበውና፣ «ሦስቱንም ስጪው፣ የሰው ልጅ ይትረፍበት» አለኝ። ከጥቅምት ወዲህ ስለ እሷ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ዛሬ ሞላሁት። ስም፣ አይናለም አገኘሁ። ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር። በሽታ፣ የሳንባ ምች። ልጁ አሁን ያለበት ሁኔታ የሚለው ጋ ስደርስ ሁለት ሣጥን ብቻ ነው ያለው፤ ድኗል፣ በሕክምና ላይ ነው። ሌላ አላደረግህበትም። ብዙ ቆየሁበት። ከዚያ ከጎኑ በእጄ ጻፍኩት። ቅጹ እንደገና ሲታተም ሦስተኛ ሣጥን ጨምርበት። ሌላ እናት ምልክት ታድርግበት እንጂ፣ ቃሉን በእጇ አትጻፈው።

እኔም አባቷም ፈርመናል። አዲሱ ሰው ማሽኑን ሲያስተምር አንተ ከአጠገቡ አትለይ። ሦስቱን ድምፅ አሰሙት። አይናለምን ሲሰማ ቀይ ማለቱን ራስህ እይና ጻፍልኝ።

እህትህ ሰርኬ